«ከኪዮሚዙ መድረክ መዝለል»፦ ጃፓኖች ቆርጠው ሲነሱ የሚሉት

አንድ ጃፓናዊ ኪሱን የሚያራቁት ዕቃ ሲገዛ፣ ወይም የወር ደመወዙን ትቶ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ሲነሳ «ከኪዮሚዙ መድረክ የምዘል ያህል ሆኜ ነው» ይላል። ጨክኜ ገባሁበት፣ የመጣው ይምጣ ማለቱ ነው።

መድረኩ ዛሬም አለ። ኪዮሚዙ በኪዮቶ ምሥራቅ፣ ተራራ ተደግፎ የቆመ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። በ778 እንደተመሠረተ ይነገራል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሁኑ ዋና አዳራሽ ግን ከእሳት ቃጠሎ በኋላ በ1633 የተሠራ ነው። ከፊቱ ወደ ገደሉ የወጣ ሰፊ የእንጨት መድረክ አለ። ቁመቱ 13 ሜትር ገደማ ነው፤ አራት ፎቅ በሉት። ከሥር ያሉት ወፋፍራም ምሰሶዎች በአግድም እንጨት ተቆላልፈው ያለ ሚስማር ነው የተሸከሙት። የተሠራውም በቡድሃ እምነት የርኅራኄ እመቤት ለምትባለው ለካኖን ጭፈራና ሙዚቃ እንዲቀርብበት ነበር።

ታዲያ ማን ይዘላል? ባለ ስለት። ነገሩ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሥራ ይመስላል፤ ግን ተቃራኒው ነው። ነፍሱን ለካኖን አደራ ሰጥቶ የዘለለ ሰው ከተረፈ ልመናው ይሰማል፣ ከሞተም በሰላም ያርፋል ይባል ነበር። አንዱ ለራሱ ሕመም፣ ሌላው ለእናቱ ዓይን ሲል ይዘላል። ብዙዎቹ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ናቸው። ሴቶችም ነበሩበት።

ይህ ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መዝገብ አለው። ከ1694 እስከ 1864 ባለው ጊዜ በቤተ መቅደሱ የቀን ውሎ መዝገብ 234 ዝላዮች ተጽፈዋል። ከመቶው 85 ያህሉ ተርፈዋል! ያኔ ከሥር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ አፈሩም ለስላሳ ነበር ይላሉ። መንግሥት በ1872 ከለከለው፤ አባባሉን ግን ማን ይከልክለው።

ኪዮቶ ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል፤ ረፋድ ላይ ግን መንገዱ የጃፓንን ባህላዊ ልብስ ኪሞኖን ተከራይቶ በለበሰ ሰው ይጨናነቃል። ኪሞኖ መልበሱ ደስ ይላል፤ ደረጃ መውጣት ሲመጣ ግን እርምጃ ያሳጥራል። በተለይ ሳኔንዛካ በሚባለው የድንጋይ ቁልቁለት ተጠንቀቁ፤ እዚያ የወደቀ በሦስት ዓመት ይሞታል የሚል አሮጌ ወሬ አለ። መድረኩን አይታችሁ ስትወርዱ ኦቶዋ ከተባለው ፏፏቴ በረጅም እጀታ ጭልፋ ውኃ ይጠጣል። ሦስት ጅረት ነው፤ ከሦስቱም መጠጣት እንደ ስግብግብነት ይቆጠራል፣ አንዱን ምረጡ።

አባባሉን ለመሞከር ካማራችሁ ቁልቁለቱ ላይ ኪዮሚዙ-ያኪ የሚባለው የሸክላ ዕቃ ይሸጣል። አባባሉ ለተራ ሲኒ አይሆንም፣ ይሳቅባችኋል። በእጅ ለተሳለ፣ ዋጋው ለሚያስደነግጥ የሻይ ጎድጓዳ ግን ልክ ነው።