«ይኼ ደግሞ ምኑ ነው?»፦ ስለ አብስትራክት ሥዕል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር፣ ጓደኛዬ ቤት በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አራት አምስት ሆነን እንሥላለን። ማናችንም ሠዓሊ አይደለንም። አንዱ መምህር ነው፣ አንዷ ነርስ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ። እኔ የጀመርኩት አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ወር ነው። ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ለቅሶ ደራሹም ተመልሶ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጭርታ የቀመሰ ያውቀዋል።

የምንሥለው ሰውም ዛፍም አይደለም። ቀለም፣ መስመር፣ ቅርጽ ብቻ፤ አብስትራክት የሚሉት ሥዕል ይኼ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያይና «ይኼ ደግሞ ምኑ ነው?» ይላል። ከዚያ የሚከተለውን ትችት በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ምን እንደሆነ ካልገባኝ እንዴት ያጽናናኛል?»

እረኛ ዋሽንት ሲነፋ ቃል አያወጣም። ግን ትዝታን ሲጫወት ሆድ ይብሳል። «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚያቋርጠው ሰው አይቼ አላውቅም። ከአብስትራክት ሥዕል ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ካንዲንስኪም ሥዕልን ከሙዚቃ ጋር ያመሳስል ነበር። ብዙ ሥራዎቹን በሙዚቃ ቃላት «ኮምፖዚሽን» (ድርሰት)፣ «ኢምፕሮቪዜሽን» (ሳይዘጋጁ መጫወት) እያለ የሰየመው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ግራጫና ቡናማ ቀለም ደራርቤ፣ መሀሉን በማንኪያ ጭሬ አስቀመጥኩ። የጎረቤታችን እማማ መጡ። ልጃቸውን የቀበሩት ከእኔ አባት ቀደም ብሎ ነው። ዝም ብለው አዩትና «ይኼማ የኔን ሆድ ነው የሚመስለው» አሉ። ከዚያ በላይ ምን እንዲገባቸው ነው?

«የፈረንጅ ነገር ነው»

ይኼኛው ይከነክነኛል፤ በተለይ ጎጃሜ ሲለው። የድሮ ደብተራዎች የሚሠሩትን የክታብ ጥቅል አስቡት። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ ጥበቃው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ ነው። በጸሎቱ መሀል ጠልሰም አለ፦ ዓይኖች፣ ኮከብ የሚመስሉ ቅርጾች፣ እርስ በርስ የተቆላለፉ መስመሮች። ዓይኑ አለ፤ ባለ ዓይኑ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ለጌጥ አይደለም የተሣለው፤ የታመመ ሰው እንዲድንበት ነው።

ክታብ አንጠልጥሉ እያልኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ድግምቱን ትቃወማለች። ግን ቅርጽና መስመር የተጨነቀን ሰው ሊያሳርፍ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከአውሮፓ በመርከብ ተጭኖ አልመጣልንም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በዓለም ላይ የታወቀበትን ሥራ ሲሠራ ከዚሁ ጥቅል ብዙ ወስዷል።

እናቶቻችን ሞሰብ ሲሰፉ የሚያወጡት ቅርጽስ? «ይኼ ሦስት ማዕዘን የማን መልክ ነው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ የለም። እንጀራውን ይበላል፣ ስፌቱን ያደንቃል።

የውጭ እጅ የለበትም ግን አልልም። ሐረር የተወለደው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተማረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። ተመልሶም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። አዲስ አበባ የሄደ ሰው ጎራ ቢል አይከፋም።

«ተሰጥኦ ላለው ነው እንጂ ለእኔ ምን ይፈይዳል?»

አሜሪካ የሚገኘው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥናት አሳትመዋል። 39 አዋቂዎች ለ45 ደቂቃ በማርከር፣ በሸክላ ጭቃና በተቆራረጠ ወረቀት ያሻቸውን ሠሩ። ከዚያ በፊትና በኋላ ምራቃቸው ተወስዶ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ተለካ። 75 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ በፊት ሥለው በሚያውቁና በማያውቁ መካከልም ልዩነት አልታየም። የቀሪዎቹ አልቀነሰም፤ ይኼንንም መናገር ተገቢ ነው። ጥናቱም ትንሽ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ልምዱ ለውጥ አለማምጣቱ ነው።

«ጥቁር ከበዛበት ሰውየው ተስፋ ቆርጧል»

ነርሷ በየቅዳሜው ጥቁር ነው የምትቀባው። ከሁላችን የበለጠ እየሳቀች ቤቷ የምትገባውም እሷ ናት።

«ሥዕል እያለ ሐኪም ምን ይሠራል?»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ማርክ ሮትኮ በቀለም ብቻ ሰው የሚያስለቅስ ሠዓሊ ነበር። አሜሪካ፣ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ 14 ሥዕሎቹ የተሰቀሉበት ጸሎት ቤት አለ፤ ሰዎች ገብተው በዝምታ ይቀመጡበታል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሮትኮ ግን አላየውም። በ1970 የገዛ ሕይወቱን አጥፍቷል።

«አርት ቴራፒ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂልም ሥዕል የረዳው ሳንባ ነቀርሳውን ሆስፒታል ተኝቶ እየታከመ ሳለ ነው። ሕክምናውን ጥሎ አልወጣም። እንቅልፍ አልወስድ ካላችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሞት ሞት ካላችሁ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብሩሹ ይጠብቃል።

«ቀለሙ ውድ ነው»

ይኼስ እውነት አለበት። የውጭ አክሪሊክ ኪስ ያራቁታል። እኛ ከሰል እንፈጫለን፣ ኖራ እንበጠብጣለን፣ አፈር ነፍተን በአናጢ ኮላ እንለውሰዋለን። ወረቀት ካጣን ካርቶን አለ።

ባለፈው ቅዳሜ እማማ ሌላ ዘመድ ጥየቃ መራዊ ከርመው ተመለሱ። ፌስታል ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። ውስጡ እዚያ የዘገኑት ቀይ አፈር ነው።

«ልጄ፣ ይኼም ይሆናል?» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ካርቶኑ ፊት ቁጭ አሉ።