ሸጠውት ቢሆንስ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ፣ ዛሬ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ትንሽ ነገር ላካፍላችሁ ፈልጌ ነው፣ ይሄ ክፍል እኔን በጣም ስለሰራኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ጳውሎስ ኤፌሶን ገብቶ በጢራኖስ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያስተምራል፣ ከተማዋ ደሞ የጣዖቷ የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ያለባት አስማት የነገሰባት ከተማ ናት፣ የአይሁድ የካህናት አለቃ የአስቄዋ ሰባት ልጆች ጋኔን ባለበት ሰው ላይ የኢየሱስን ስም እንደ ድግምት ሊጠሩት ሞክረው ቆስለው ራቁታቸውን የሸሹትም እዛው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዛ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 18 ነው። እየመጡ ያደረጉትን የተናዘዙት እነማን ናቸው? «ያመኑት» ነው የሚለው! አያችሁ፣ ገና ሊያምኑ የመጡ አይደሉም፣ አምነዋል፣ ቃሉን እየሰሙ ነው፣ የድሮው ነገር ግን ገና ከነሱ ጋር አለ፣ እስከዛች ቀን ድረስ ለማንም ያልተናገሩት ነገር። ከዛ የአስማት መጽሐፎቹ ወጡና በሰው ሁሉ ፊት ተቃጠሉ፣ ዋጋው ሲቆጠር 50 ሺህ ብር። የዛን ጊዜው ብር የአንድ ቀን ሠራተኛ የቀን ደሞዝ ነው ይባላል፣ ስለዚህ አስቡት፣ አንድ ሰው አንድም ቀን ሳያርፍ ከ130 ዓመት በላይ ቢሠራ የሚያገኘው ገንዘብ ነው አመድ የሆነው።

ሸጠውት ቢሆንስ? ገዢ አይጠፋም ነበር እኮ። ብሩን ለድሆች እንሰጠዋለን፣ ለወንጌል ሥራ ይሆናል ማለት ይችሉ ነበር፣ ያምርም ነበር። ግን የሸጥከው ነገር የሌላ ሰው ቤት ገብቶ እሱን ያስራል፣ አንተም የት እንዳለ ታውቃለህ፣ በከፋህ ቀን ሄደህ ትዋሰዋለህ።

እኔ ጌታን ካገኘሁ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ የጫት ቤቱን ልጅ ቁጥር ከስልኬ አላጠፋሁትም ነበር። እሁድ እሁድ አምልኮ ላይ እጄን አንስቼ አለቅሳለሁ፣ ከልቤ ነው ደሞ፣ ቤት ግን የበርጫው፣ ጫት የምቅምበት ፍራሽ እንደተነጠፈ ነው፣ ትራሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ «ለእንግዳ ይሆናል» እላለሁ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰውነቴ ራሱ ሰዓቱን ያውቀዋል፣ አፌ ይደርቃል፣ ትንሽ ብቻ ብዬ እደውላለሁ፣ ከዛ ምርቃናው፣ ማታ ደሞ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር፣ ቢራ፣ ሰኞ ጠዋት ንስሐ። ስተወው ደሞ ሌሊት ዱካኩ አለ፣ የቃመ ሰው ያውቀዋል፣ የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ መጮህ አቅቶኝ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። እና ብዙ ጊዜ ያሰብኩት እምነቴ ውሸት ነው ብዬ ነው። ይሄ ክፍል ነው ያጽናናኝ፣ የኤፌሶን ሰዎችም አምነው ነበር። መጽሐፋቸው ስላልወጣ እምነታቸው ውሸት ነው አልተባሉም፣ ግን ደሞ እንደያዛችሁት ቀጥሉ አልተባሉም። ሁለቱንም ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አንዳንዶቻችን የወደቀን ወንድም ስናይ «ድሮም አልዳነም» ለማለት እንቸኩላለን፣ ያ ቃል ሰውን ወደ ፍራሹ ነው የሚመልሰው።

የወጣሁት ስናገር ነው። አንድ ወንድም ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፣ የቀን ወጪዬን ሳይቀር፣ ምንም አልተቆጣኝም፣ ተነሳና «ና ቤትህ እንሂድ» ብቻ አለኝ። ፍራሹን ጠቅልለን አወጣነው፣ ከስሩ የደረቀ ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ ተራገፈ፣ አፍሬ ጠረግኩት። የልጁንም ቁጥር እሱ ፊት አጠፋሁት።

ኤልሳዕን አስታወሳችሁት? 1ኛ ነገሥት 19፣ ኤልያስ መጎናጸፊያውን ሲጥልበት በ12 ጥማድ በሬ እያረሰ ነበር፣ ከዛ አንድ ጥማድ በሬ አርዶ በእርሻ እቃው ሥጋውን ቀቀለ፣ ለሕዝቡም አበላ። የገበሬ ልጅ የሆነ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ የሚያርስበትን በሬ አርዶ ቀንበሩን ያነደደ ሰው ለሚቀጥለው ክረምት አላሰበም ማለት ነው።

ጳውሎስ በኋላ ለነዚሁ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አሮጌውን ሰው አስወግዱ፣ አዲሱን ልበሱ ይላቸዋል፣ ምዕራፍ 4። ወረድ ብሎ ቁጥር 28 ላይ ደሞ የሰረቀ አይስረቅ ብሎ አያቆምም፣ በገዛ እጁ ይሥራ፣ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው ይላል። እጁን ባዶውን አልተወውም። እኔንም ያ ወንድም የያዘኝ በዚህ ነው፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እየመጣ ይወስደኛል፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ የጎዳና ልጆችን ልብስ እናጥባለን፣ በእጅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጂንሱ በተለይ። ቅጠል ስቀነጥብበት የነበረው ጣቴ አሁን በሳሙና ይሰነጣጠቃል፣ እኔ ደሞ ደስ ይለኛል።

እናንተም ቤት የቀረ ነገር ካለ፣ ጫት ይሁን፣ ከጠንቋይ የመጣ ክታብ ይሁን፣ ስልክ ውስጥ ያለ ቁጥር ይሁን፣ ዛሬ ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩት፣ አብሯችሁ ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው ይሁን። ስለኔም ጸልዩልኝ፣ ቁጥሩን ከስልኬ ባጠፋውም እስከዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።