ክተት ምንድን ነው?

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወሎ ድረስ በዘለቀ ጊዜ «ክተት» የሚለው ቃል እንደገና በየቤቱ ተሰምቷል። ነገሩ ግን ረጅም ታሪክ አለው፤ ከዚያ ታሪክ ብዙው የተሠራውም በዚሁ በወሎ ምድር ላይ ነው።

ክተት ማለት በሰላም ጊዜ የሚያርሰውና የሚነግደው ሰው ጦርነት ሲመጣ ከመደበኛው ጦር ጎን እንዲሰለፍ የሚታወጅ ጥሪ ነው። በምኒልክ ዘመን መደበኛ የሚባሉት ጠመንጃ ያዡ፣ መድፈኛው፣ የቤተ መንግሥቱ ዘበኛና መሐል ሰፋሪው ነበሩ፤ ኑሯቸው ውትድርና ነው። ዘማቹ ግን ጦሩን ወይም ጠመንጃውን፣ አጋሰሱንና ስንቁን ይዞ ይመጣል፤ ዘመቻው ሲያበቃ ወደ ማሳው ይመለሳል። የሚዘምተውም በአገሩ ሹም ስር ከጎረቤቶቹ ጋር ነው። ስለዚህ በጦር ሜዳ ቢሸሽ የሚያየው የሚያውቀው ሰው ነው።

መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ምኒልክ በጣልያን ላይ ያወጁት ክተት የሸዋን ሰው «እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ሲል ጠራ። ወረኢሉ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር ያደረጓት የወሎ ደጋ ከተማ ናት። ስለ ዐድዋ ሲወራ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፏ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ከሸዋ የመጣው ጦር ወደ ትግራይ የገሰገሰው በወሎ በኩል ነው። የወሎ ሰውም የሚያልፈውን ተመልክቶ አልቀረም፤ የወሎው ገዥ ራስ ሚካኤል (በኋላ ንጉሥ) ፈረሰኛቸውን አስከትለው ዘመቱ፤ ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ፣ የካቲት 23 ቀንም በዐድዋ ተሰለፉ።

ክተት በፈቃድ ነበር ወይስ በግዴታ? አዋጁ ሁለቱንም ይዟል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው በሐዘን እንዲረዳ ይለምናል፤ ወስልቶ የቀረውን ግን «ኋላ ትጣላኛለህ» ይለዋል። ሚስቱንና ሃይማኖቱን ብሎ የዘመተ እንደነበረ ሁሉ፣ በያዘው መሬት ምክንያት የመዝመት ዕዳ የነበረበትም ነበር። ሁሉንም በአንድ ቃል ፈቃደኛ ማለት እውነቱን ያጎድላል።

የዚህ ጦር ብርታትም ድካምም ስንቁ ነው። ገብስ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፤ በሶው በአቁማዳ ይታሰራል። በመንገድ ላይ እሳት ማንደድ ሳያስፈልግ በውሃና በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ተጨብጦ ይበላል። ቂቤ ያላት ቤት ጭኮ ትጨምራለች፤ ዳቦ ቆሎና ቋንጣም አለ። ይህን ሁሉ አሰናድታ የምትሸኘው ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም ድስቷንና እንስራዋን ይዛ አብራ ትዘምታለች። መንግሥት ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሊያንቀሳቅስ የቻለው እያንዳንዱ ቤት የራሱን ዘማች ስለመገበ ነው። ይህንንም ያደረጉት ከክፉ ቀን ገና የወጡ ቤቶች ናቸው፤ ከብቱ በበሽታ ካለቀ፣ ረሃቡም ወሎን ካራቆተ ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈዋል።

አቁማዳው ሲጎድል ግን ጦሩ ይላላል። በዐድዋ ዋዜማ ስንቅ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር፤ ጣልያኖቹ ባያጠቁ ኖሮ ሠራዊቱ በዚያ ሰፈር ብዙ ሊቆይ አይችልም ነበር። እርዳታ ያልደረሰው ጦር ባለፈበት አገር ደግሞ የገበሬው ጎተራ ይደፈራል። የጦር መንገድ የሆነው ወሎ ይህን ዕዳ ደጋግሞ ከፍሏል። ዘማቾቹ ራሳቸውም ገበሬዎች ስለነበሩ ይህ የበለጠ ያሳዝናል።

ክተት በውጭ ጠላት ላይ ብቻ አልታወጀም። ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ሲወርድ የወሎን ጦር ከተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን ዳግም ወርራ የክተት ነጋሪት እንደገና ሲመታ ደሴ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ማዘዣ ሆነች፤ ኅዳር 26 ቀንም በአውሮፕላን ተደበደበች። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ በአዲስ መልክ የሠለጠነው ክቡር ዘበኛና በየሹሙ የተከተተው ዘማች አብረው ተዋጉ። ጀግንነት አልጎደላቸውም። ነገር ግን ከጥቂት በቀር ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ የሌለው፣ መርዝ ጋዝ የሚዘንብበት ሠራዊት በቁጥርና በወኔ ብቻ ሊያሸንፍ አልቻለም። ሽንፈቱ ከደረሰ በኋላም የተበተነውን ዘማች መልሶ የሚያሰባስብ ሥርዓት አልነበረም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ዘመቻን ከመሬት ጋር ያሰረውን የቆየ ሥርዓት ፍጻሜ አደረገው። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወርር ደርግ የእናት ሀገር ጥሪ ብሎ ሚሊሺያ የመለመለው በገበሬ ማኅበራት በኩል ነው። ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ታጠቅ ጦር ሰፈርን በመሳሰሉ ቦታዎች በጥቂት ወራት ሠልጥኖ ተሰለፈ፤ ስንቁም መሣሪያውም ከመንግሥት ሆነ። ከቀድሞው ክተት የተለየበት ትልቁ ነገር ግን መመለሱ ነው። የኦጋዴኑ ጦርነት በ1970 ዓ.ም. ሲያበቃ ብዙው ሚሊሺያ ለእርሻው አልተሰናበተም፤ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከ።