ሐረር ላይ የተጻፈው ደብዳቤ፦ መንግሥታት «የኔ ነው» ያሉትን መሬት ሲለቁ

ጦሩን ይዞ የሚወጣ መንግሥት አለ። ውል ፈርሞ የሚተው አለ። በደብዳቤ መስመር አሥምሮ ከመስመሩ ወዲያ ያለውን የሚለቅም አለ። ሐረር ሦስቱንም አይታለች። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ግብፅ ነች። በ1875 ራዑፍ ፓሻ የመራው ጦር ሐረርን ያዘ። አሥር ዓመት ገደማ ቆየ። ሱዳን ውስጥ ማህዲስቶች፣ ማለትም በማህዲ የተመሩት ዓመፀኞች፣ ሲበረቱ ግን ግብፅ ከዚህ ሁሉ ርቀት ጦር ማቆየት አቃታት። በ1885 ወጣች፤ ከተማዋም ለአሚር አብዱላሂ ቀረች። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ፤ ሐረርም በኢትዮጵያ ሥር ገባች። ወጥቶ መሄድ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ከኋላ የሚመጣውን ግን አይወስንም።

ከዚያ ብሪታንያ መጣች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር እዚህ ነው ያለው። ከአድዋ ድል ማግሥት፣ በ1897፣ ሬኔል ሮድ የሚባሉ የብሪታንያ መልእክተኛ አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት ላይ ከምኒልክ ጋር ውል ተፈራረሙ። ውሉ ግን ብሪታንያ በያዘችው ሶማሌላንድ በኩል ያለውን ድንበር ራሱ አላሠመረም። ሮድና የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን በደብዳቤ ይጨርሱት ተባለ። ሰኔ 4 ቀን 1897 ሐረር ላይ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ድንበሩም ተወሰነ። ብሪታንያ ከዚያ በፊት ስትጠይቀው ከነበረው መሬት ሰፊውን ክፍል ለቀቀች። ሐውድ የሚባለው የግጦሽ አገርም በአብዛኛው ወደ ኢትዮጵያ ወገን ዋለ።

የሚያሳዝነው ነገር እዚህ ጋ ነው። ከ1884 ጀምሮ የሶማሌ ጎሳዎች ከብሪታንያ ጋር የጥበቃ ውል ገብተው ነበር። መሬታቸውን ከብሪታንያ በቀር ለማንም እንደማይሰጡ ቃል ገብተዋል። ደብዳቤው ሲጻፍ ግን ማንም አልጠራቸውም። ዝናብ ሲጥል ግመላቸውን ወደ ሐውድ የሚነዱት እነሱ ነበሩ። እርግጥ ደብዳቤው ፈጽሞ አልረሳቸውም፦ በሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ማሰማራትና ከጉድጓድ ውኃ መቅዳት ይችላሉ ይላል። ተሻግረው ሳሉ የሚዳኛቸው ግን የተሻገሩበት ወገን ሹም ነው። እኔ ከውሉ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ የግጦሽ አንቀጽ ይመስለኛል።

ጣልያን በበኩሏ የተወችው በጦር ከተሸነፈች በኋላ፣ በወረቀት ነው። በ1947ቱ የፓሪስ የሰላም ውል የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት አወቀች። አንቀጽ 34 ደግሞ የጣልያን መንግሥት በኢትዮጵያ ያፈራውን ንብረትና መብት ሁሉ እንደሚተው ይናገራል፤ ከኤምባሲና ከቆንስላ ግቢ በስተቀር።

ብሪታንያ ጣልያንን ካስወጣች በኋላ ኦጋዴንንና ሐውድን ይዛ ቆየች። በ1944 ስምምነት ሉዓላዊነቱ የኢትዮጵያ መሆኑ ታወቀ፤ አስተዳደሩ ግን በእንግሊዞች እጅ ቀረ። ወረቀቱ እዚህ፣ ሥልጣኑ እዚያ ማለት ነው። ርክክቡም በአንድ ቀን አላለቀም። ጅጅጋና የኦጋዴን ዋናው ክፍል በ1948 ተመለሱ። ሐውድ እስከ የካቲት 1955 ቆየ። በ1954 ለንደን ላይ የተፈረመው ስምምነት የተመሠረተው በዚያው በ1897ቱ ውል ነበር። ግጦሹንም ደግሞ አጸና። ዜናው ሃርጌሳ ሲደርስ ተቃውሞ ተነሣ፤ አቤቱታ አቅራቢዎችም ለንደን ድረስ ሄዱ።

በ1960 ነፃ የወጣችው ሶማሊያ የ1897ቱን ውል አልቀበልም አለች። ብሪታንያ የተወችውን ጥያቄ አዲሱ መንግሥት አነሣው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን አጠቃ፤ ሐረር ደጃፍም ደረሰ። ተመትቶ የወጣው በ1978 ነው። ሁለቱ አገሮች በስምምነት ግንኙነታቸውን ያደሱት ደግሞ በ1988 ነው።

ዛሬም ዝናብ ሲጥል ግመሎቹ ያንኑ መስመር ይሻገራሉ።