ስለ አክሽንና ፕለጊን ብዙዎች የሚሳሳቱት

አምስት መቶ ፎቶ ኤዲት የሚጠብቀው ሰው አንዱን ሥራ አምስት መቶ ጊዜ በእጁ መደጋገም የለበትም። ፎቶሾፕ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አክሽን የሚባል መሣሪያ አለው። ብዙ ሰው ግን ወይ ይፈራዋል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ይጠብቅበታል።

«አክሽን ፎቶ የሚያሳምር ፊልተር ነው»

አይደለም። አክሽን ቅጂ ነው። ሪከርድን ተጭናችሁ የሠራችሁትን ይቀዳል፤ ፕሌይ ስትሉት ያንኑ በቅደም ተከተል ይደግማል። ፎቶውን አያይም። ደማቅ ፀሐይ ላይ ለተነሳ ፎቶ የቀዳችሁት የብርሃን መጠን ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የተነሳውን የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

መፍትሔ አለው። በአክሽን ፓነሉ ላይ ከእርምጃው ስም በስተግራ የዳያሎግ ምልክት አለች። እሷን አብሯት። አክሽኑ እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ መስኮቱን ይከፍትላችኋል። መጠኑን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ቀሪውን እሱ ይጨርሳል። እኔ ከርቭስ (የብርሃን ማስተካከያው) ላይ ሁሌም አበራታለሁ። ብርሃንን ዓይኔ ሳያየው ማሳለፍ አልወድም። እርማቱን በአድጀስትመንት ሌየር (ከፎቶው በላይ ለብቻው በሚቀመጥ የእርማት ንብርብር) ከቀዳችሁት ደግሞ በኋላም ኦፓሲቲውን (የሚታይበትን መጠን) ቀነስ ማድረግ ትችላላችሁ።

«አንዴ ከተቀዳ ለማንኛውም ፎቶ ይሆናል»

መጠን ይለያያል። ሻርፕን (Sharpen) የፎቶውን ጠርዞች የሚያጠራው መሣሪያ ነው። ለትልቅ ፎቶ የተቀዳ የሻርፕን ራዲየስ፣ ማለትም ከጠርዙ ዙሪያ የሚነካው ስፋት፣ በፒክስል ስለሚለካ፣ ትንሹን ፎቶ ያሻክረዋል። ስለዚህ መጠን መቀየሩን አስቀድሙ፤ ሻርፕን በኋላ ይምጣ። የሎጎን ቦታ ስትቀዱ ደግሞ መጀመሪያ የሩለሩን መለኪያ ወደ ፐርሰንት ቀይሩት። ያኔ ሎጎው በፎቶው ስፋት ልክ ቦታውን ይይዛል።

«ካልወደድኩት አንድ ጊዜ አንዱ (Undo) ብዬ እመልሰዋለሁ»

አንድ ጊዜ አንዱ ስትሉ የሚመለሰው የመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ናት። ሠላሳ እርምጃ ያለው አክሽን ላይ አድካሚ ነው። የአክሽኑ የመጀመሪያ እርምጃ ስናፕሾት (ፎቶው በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚይዝ) መውሰድ ይሁን። ከዚያ በአንድ ክሊክ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

ባች (አክሽኑን በአንድ ፎልደር ውስጥ ባሉ ፎቶዎች ሁሉ ላይ የሚያስኬደውን) ስትጠቀሙ ግን የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «ሴቭ ኤንድ ክሎዝ» የሚለው ምርጫ ኦሪጅናሉ ላይ ደርቦ ያስቀምጣል። ፋይሉ አንዴ ከተዘጋ ሂስትሪው (የሠራችኋቸው እርምጃዎች ዝርዝር) የለም፤ ስናፕሾቱም አብሮ ይጠፋል። ሁልጊዜ ሌላ ፎልደር ምረጡ።

«ፕለጊን በበዛ ቁጥር ሥራ ይፈጥናል»

ፕለጊን ፎቶሾፕ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም ነው። ሲበዛ ፎቶሾፕ ለመከፈት ይዘገያል፤ እናንተም ስትመርጡ ጊዜ ትገድላላችሁ። የምትጠቀሙበትን አስቀሩና ሌላውን አንሱት።

«ፕለጊን የሠራውን መቀየር አይቻልም»

በብዙዎቹ ይቻላል። ፕለጊኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሌየሩን ወደ ስማርት ኦብጀክት (ኦሪጅናሉን ሳይነካ ወደሚይዝ ሌየር) ለውጡት። ሥራው እንደ ስማርት ፊልተር ይቀመጣል። ነገ ድምቀቱ በዛ ካላችሁ ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ትቀንሱታላችሁ። ፋይሉ ይከብዳል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ከመጀመር ይሻለኛል።