«እባብ ያየ በልጥ በረየ»
ልጥ ከዛፍ ላይ የሚላጥ ልጣጭ ነው። ስሙም «ላጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በገጠር ሚስማር እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የጎጆው ማገር የሚታሰረው በልጥ ነበር። አጥርም፣ የእንጨት ሸክምም እንዲሁ። ከማሰሪያው የተረፈው ደጅ ላይ ይጣላል። ርጥብ ልጥ ይጠማዘዛል፣ ያብለጨልጫል፣ መልኩም ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንገድ ላይ ተጠቅልሎ ያገኘው ሰው እባብ ቢመስለው አይፈረድበትም። «በረየ» ማለት ደነበረ፣ በርግጎ ሸሸ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ተረት የምንጠቅሰው በከንቱ ለሚፈራ ሰው ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር እሰማበታለሁ። በተረቱ ውስጥ እባቡም እውነት ነው። ሰውየው በዓይኑ አይቶታል።

ይህ የገባኝ እዚሁ ጎንደር ሥራ ስቀይር ነው። በፊት የምሠራው አንድ ማረፊያ ቤት ነበር። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል። ከከተራ ጀምሮ ሌሊቱንም ቀኑንም ቆመን ሠራን። የትርፍ ሰዓት ክፍያ አላየንም። አለቃችን ግን አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረው። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጠፋ ፎጣ፣ ያረፈድንባት ደቂቃ ሁሉ እዚያ ላይ ትጻፋለች። ወር ሲሞላ ከደመወዛችን ይቆረጣል። ሥራውን ስለቅ ደግሞ የመጨረሻ ደመወዜን «ነገ ነይ» እያለ አስቀረብኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራ መጠየቅ ራሱ አስፈራኝ። ፒያሳ አካባቢ የሀበሻ ልብስ የሚያሰፉ ሴትዮ ሰው ይፈልጋሉ ሲሉኝ፣ ሁለቴ ደጃቸው ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ሥራውን ሲያስረዱኝ ቆይተው ከመሳቢያ ደብተር አወጡ። ሰማያዊ ነው። ላብ አጠመቀኝ። «እትዬ፣ አስቤበት ልመለስ» ብዬ ውልቅ አልኩ።

ማታ አዘዞ ወዳለችው አክስቴ ሄጄ ነገርኳት። አልሳቀችብኝም።

«ልጄ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ብትደነግጪ ምን ይገርማል? ግን እባብ ይሁን ልጥ ቀርበሽ ሳታዪ በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ቀጥላም «እዚያ ያሉትን ሳይሆን የወጡትን ጠይቂ» አለች። ይቺ ምክር ለኔ ከሁሉም በለጠችብኝ። በሥራ ላይ ያለ ሰው እንጀራው ነውና ይሳሳል። የወጣ ሰው ግን የመጨረሻ ደመወዙን እንዴት እንደተቀበለ ይነግርሻል።

እኔም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ፈልጌ አነበብኩ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያልፍም። በበዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ካልተወሰነ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ አይቆረጥም። ሥራ ሲቋረጥም ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ለ«ነገ ነይ» ያን ያህል ባልተመላለስኩ ነበር። በጣም ይቆጨኛል።

ቀድሞ ሴትዮዋ ዘንድ ትሠራ የነበረች ልጅ ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። የለቀቀችው ልትዳር ስለሆነ ነው። ሒሳቧን በወጣችበት ሳምንት ተቀብላለች።

ተመልሼ ሄድኩ። ፈራ ተባ እያልኩ «እትዬ፣ ደብተሩ ምን የሚጻፍበት ነው?» አልኳቸው። ገልጠው ሰጡኝ። የገቡበት ሰዓት፣ የወጡበት ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓት፣ የሠራተኛ ፊርማ። «ያንቺን እዚህ ጋ እንጀምራለን» አሉና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

አሁንም ደብተሩ ከመሳቢያ ሲወጣ ልቤ ትንሽ ደንገጥ ይላል። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ጽሑፉን ወደኔ አዙረው ነው የሚዘረጉት።