በራስ አባባል ለተጻፈም ምንጭ ይጠቀሳል?

«በራሴ አባባል ነው የጻፍኩት፤ ታዲያ ምንጭ ምን ያደርግልኛል?» የኮሌጅ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ቃሉ የእናንተ ቢሆንም ሐሳቡ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ትምህርተ ጥቅሱ ይቀራል እንጂ የጸሐፊው ስም አይቀርም።

ሁሉም ነገር ግን ምንጭ አይፈልግም። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መካሄዱን ማን የማያውቅ አለ? ዝም ብላችሁ ጻፉት። «ጣሊያን የተሸነፈበት ዋናው ምክንያት የካርታ ስህተት ነው» ካላችሁ ግን ነገሩ ይለያል። ይህ አከራካሪ ትንታኔ ነው፤ ከማን እንዳገኛችሁት ተናገሩ።

ሁለት ሦስት ቃል ቀይሮ አንቀጹን እንዳለ መገልበጥማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንጭ ቢጠቀስም ያው ኩረጃ ነው። መጽሐፉን ዘግታችሁ የገባችሁን ጻፉ። ከዚያ ገልጣችሁ አመሳክሩ፤ የገጹንም ቁጥር ያኔውኑ ያዙት።